ወደ ግራ ብቻ የሚታጠፈው መኪና

ሦስት ወር ሙሉ በዚህ ዓምድ ያላገኛችሁኝ አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሻርሎት በምትባል ከተማ ታናሽ እህቴ ዘንድ ከርሜ ስለነበር ነው። አንዳንዶቻችሁ "ታመሙ ወይ?" ብላችሁ ደውላችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አልታመምኩም። ሽምግልና ተቀምጬ ነው።

ጉዳዩ የባልና የሚስት ወይም የውርስ ቢሆን ለዚህ ዓምድ አዲስ አይሆንም ነበር። የኔ ግን የመኪና ነው። ያውም ሞተር የሌለው፣ የሚከፈት በር የሌለው፣ መብራቱ ሥዕል የሆነ፣ ወደ ግራ ብቻ እንዲታጠፍ ተደርጎ የተሠራ መኪና።

የእህቴ ልጅ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ "አንተ"ና "አንቱ" የሚምታቱበት፣ ግን እናቱን "እማዬ" ሲላት አንጀት የሚበላ ልጅ። ብየዳ ተምሮ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ተቀጥሯል። ቆጥቦ ያጠራቀመው 14 ሺህ ዶላር አለው። አባቱ ገንዘቡ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ይሁን ይላል። ልጁ ደግሞ ያገለገለ የውድድር መኪና ሻንሲ ልግዛበት ይላል። እናቱ ሁለቱንም አትሰማም። ከዓመት በፊት የልጇ የትምህርት ቤት ጓደኛ ሌሊት አውራ ጎዳና ላይ ሲሽቀዳደም ሞቷል። የራሷም ልጅ ከዚያ በኋላ በሰዓት 97 ማይል፣ በእኛ 156 ኪሎ ሜትር ሲበር ተይዞ መንጃ ፈቃዱን ለአንድ ወር ተነጥቋል።

"ወንድምጋሼ፣ አንተ መጥተህ ካልመከርክልኝ ይሄን ልጅ አጣዋለሁ" ነበር ያለችኝ።

በደረስኩ በማግስቱ ሦስቱንም አስቀምጬ ፈረድኩ፤ አይሆንም፣ አልኩ። የሞተ ጓደኛ እያለህ፣ እናትህ እንቅልፍ አጥታ እያለች፣ የውድድር መኪና ብሎ ነገር የለም። አማቼ ራሱን ነቀነቀ፣ እህቴ መሬት ሳመች። ልጁ አልተከራከረም። ማታ በረንዳ ላይ ብቻዬን ሲያገኘኝ ግን "ጋሼ፣ ሳታየው እኮ ነው የፈረድከው" አለኝ። አንተ ማለቱን ይቅር አልኩት፤ ቀሪው እውነት ነበርና። ያላየውን ነገር የሚፈርድ ሽማግሌ እኔ ራሴ በዚህ ዓምድ ላይ ስንት ጊዜ ወቅሻለሁ። ቅዳሜ ሊወስደኝ ተስማማን።

ሻርሎትና አካባቢዋ የዚህ ነገር አገር ነው። ናስካር የሚባለው የአሜሪካኖች የመኪና ውድድር እ.ኤ.አ በ1948 ፍሎሪዳ ውስጥ ዴይቶና ቢች ላይ ቢመሠረትም፣ አብዛኞቹ ቡድኖች የከተሙት ሻርሎት ዙሪያ ነው፤ ሙርስቪልና ኮንኮርድ በሚባሉ ትንንሽ ከተሞች። የውድድሩ ሥር ደግሞ አረቄ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በዚያ ተራራማ አገር ገበሬው በድብቅ አረቄ ያወጣ ነበር። አረቄውን በሌሊት ወደ ከተማ የሚያደርሱት ወጣቶች ከመንግሥት ሰዎች ለማምለጥ የተራ መኪና ሞተር እየቀያየሩ፣ ሞላ እያጠነከሩ ነዱ። ከመካከላቸው አንዱ፣ በኋላ ስመ ጥር ተወዳዳሪ የሆነው ጁኒየር ጆንሰን፣ በ1956 ዓ.ም (በፈረንጆቹ) የተያዘው በመንገድ ላይ ሳይሆን በአባቱ አረቄ ማውጫ ጎን ነው። መንገድ ላይ የያዘው አልነበረም። ታስሮ ወጣ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን ይቅርታ አደረጉለት። ይህን ለአማቼ ስነግረው "እና ልጄን በዚህ ልታጽናናኝ ነው?" አለኝ። አልተሳሳተም።

ቅዳሜ የወሰደኝ ቦታ ሶማሌ ተራን አስታወሰኝ። ልዩነቱ ጣሪያ ያለው፣ መሬቱ የተወለወለ፣ ሻይ የሚያዞር ልጅ የሌለው መሆኑ ነው። በመደርደሪያ ላይ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ራዲያተር፣ ቸርኬ ተደርድሯል። ሁሉም ያገለገለ፣ ሁሉም ዋጋ የተጻፈበት። ከኋላ ባለው ግቢ ደግሞ ሞተራቸው የወጣ የውድድር መኪናዎች እንደ ከብት ተሰልፈው ቆመዋል።

እነዚህ መኪናዎች እንዴት ረከሱ? ለምሳሌ ለውድድር ተብሎ ፋብሪካ የሠራው አዲስ ፖርሽ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ነው። እዚህ ግቢ ያለው ሻንሲ ግን ከመሪው፣ ከፍሬኑና ከጎማው ጋር 8 ሺህ ዶላር ተባለ። ምክንያቱ የሕግ ለውጥ ነው። ናስካር በየጊዜው የመኪናውን ቅርጽና አሠራር በደንብ ይለውጣል፤ በ2007፣ ከዚያ በ2013፣ ከዚያ በ2022 ለውጧል። በ2022 የመጣው አዲሱ መኪና ከኋላ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት፣ ጎማውም በአምስት ቡሎን መታሰሩ ቀርቶ በአንድ ትልቅ ቡሎን የሚታሰርበት ሆኗል። የድሮው ዕቃ ለአዲሱ አይገባም። ትናንት ለአንድ ቡድን እንደ ዓይን ብሌን የሚታይ መኪና ዛሬ ቦታ የያዘ ብረት ነው። ቡድኑ ይሸጠዋል።

መኪናው ራሱ ቀላል ነው ብል አታምኑኝም፤ እኔም አላመንኩም ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ የኤንትሬ መካኒክ ነበር። ልጅ ሆኜ ጋራዡ ውስጥ ቁልፍ እያቀበልኩ ነው ያደግኩት። የዚያን ቀን ጎንበስ ብዬ ከሥር ሳይ የማላውቀው ነገር ብዙም አልነበረም። የብረት ቱቦ ተበይዶ እንደ ወፍ ጎጆ ሹፌሩን ከቦታል። ላዩ ላሜራ ነው። ከፊት ስምንት ሲሊንደር ሞተር የሚቀመጥበት ቦታ፣ መሐል አራት ማርሽ ካምቢዮ፣ ከኋላ እንደ ጭነት መኪና አንድ ወጥ የሆነ ዲፈረንሻል። ኋላውን የሚይዙት ሁለት ረጃጅም ክንዶች ከ1960ዎቹ የሸቭሮሌ ፒክአፕ አሠራር የተወሰዱ ናቸው። ኮምፒዩተር የለም። ሁሉም ነገር በመፍቻ ይፈታል፣ በመፍቻ ይታሰራል። ልጁ ይህን የመረጠው ለዚህ ነው፤ የዛሬ ዘመን መኪና ቢሰበርበት ራሱ ሊጠግነው አይችልም፣ ይኼን ግን ይበይደዋል።

የሚያስቁ ነገሮችም አሉት። የፊት መብራቱ የተለጠፈ ሥዕል ነው። ስፖርቴሎው አይከፈትም፣ ሹፌሩ በመስኮት ይገባል። ስንት ኪሎ ሜትር እየነዳህ እንደሆነ የሚነግር ሰዓት የለውም፤ የሞተሩን ዙር ብቻ ያሳያል። ለእህቴ ይህን ስነግራት "እሱማ ይሻለዋል፣ ድሮም አይቶት አያውቅ" አለች።

አሁን ወደ ግራው ነገር ልምጣ፤ የሥራው ሁሉ ልብ እዚህ ላይ ነው። የናስካር ውድድር አብዛኛው በሞላላ ሜዳ ነው። መኪናው ሦስት ሰዓት ሙሉ ቢነዳ አንድም ጊዜ ወደ ቀኝ አይታጠፍም። ስለዚህ ሲሠሩት ክብደቱን ወደ ግራ ጎን ያደርጉታል። በሻንሲው ቱቦ ውስጥ የሚገቡ ከባድ የብረት ጡቦች ሁሉ በግራ ይታጨቃሉ። የፊት ጎማዎቹ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ዘመም ይላሉ። የቀኝ ጎማዎች ከግራዎቹ በዙሪያ ልክ ትንሽ ይበልጣሉ፤ ልክ እንደተቆረጠ ኮን መኪናው ለብቻው ወደ ግራ መሽከርከር እንዲወድ። ይህን መኪና ቀኝም ግራም ባለው ጠመዝማዛ ሜዳ ብታስገቡት በመጀመሪያው የቀኝ መታጠፊያ መንገዱን ትቶ ይሄዳል።

እናም ሥራው እኩል ማድረግ ነው። ክብደቱን ከግራ አንስቶ ወደ ቀኝ ማዛወር፣ በሚዛን ላይ አራቱን ጎማ አቁሞ መለካት፣ ሞላዎቹን በቀኝና በግራ እኩል አድርጎ መቀየር፣ የጎማውን ዘመም እንደገና ማስተካከል፣ እኩል ዙሪያ ያላቸውን ጎማዎች መግጠም። ፍሬኑ ደግሞ ለብቻው ጉዳይ ነው። ለረጃጅሞቹ ሜዳዎች የተሠራ መኪና ፍሬን ብዙም ስለማይዝ ቀላልና ትንሽ ፍሬን ነው ያለው። በጠመዝማዛ ሜዳ ላይ ግን በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ የሚመዝን ብረት ማቆም አለበት። ሸራው ይነዳል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ከዚያ እግር ፔዳሉን ሲረግጠው ባዶ ይሆናል። በትልቁ ቀይረው ንፋስ በቱቦ ማምጣት ግድ ነው። ካምቢዮውም እንዲሁ፤ በሞላላው ሜዳ መጨረሻው ማርሽ ላይ ገብቶ ሲከርም የነበረው አሁን ቀኑን ሙሉ ሲቀያየር ይውላል።

ሻጩ፣ ሽማግሌ ነገር ነው፣ አንድ ጥሩ ምክር ሰጠን። ቡድኖቹ በዓመት ጥቂት ጊዜ ጠመዝማዛ ሜዳ ላይም ይወዳደሩ ነበር፤ ኒው ዮርክ ግዛት ዋትኪንስ ግሌን፣ ካሊፎርኒያ ሶኖማ። ለእነዚያ ተብሎ የተሠራ ሻንሲ ካገኘህ ግማሹ ሥራ ተሠርቶልሃል፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ያዋጣሃል አለ። ልጁ የዚያን ዓይነት አንድ ነበረ፣ 9 ሺህ 500 ዶላር። እኔ ከሥሩ ገብቼ ብየዳውን አየሁ። አባቴ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ ቀለሙ በብየዳ ጎን የተሰነጠቀበት ቦታ ብረቱም ተሰንጥቋል። አንድ ቦታ አገኘሁ። እንደዚህ ዓይነት መኪና ተጋጭቶ የፊቱ ወይም የኋላው አጽም ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ አዲስ ሊበየድለት ይችላል፤ ያ በራሱ ነውር አይደለም፣ ጥሩ ከተበየደና ቀጥ ካለ። ልጁ ስንጥቁን በጣቱ ዳበሰና "ይሄን ግማሽ ቀን ነው የምሠራው" አለ። ሻጩ 700 ዶላር ቀነሰልን። ከዚያ ወዲህ ልጁ አንቱ ይለኝ ጀመር።

አልገዛንም ግን። ገና ፍርዴን አላነሣሁም ነበር።

ማታ ደብተር አስወጣሁት። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ "ርካሽ ነው" ሲላችሁ ደብተር አስወጡት። የሻንሲው ዋጋ መጀመሪያው ብቻ ነው። ሞተር፤ የናስካሩ ትክክለኛ ሞተር 5.8 ሊትር ሆኖ ከ800 በላይ የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር፣ ግን ከአንድ ውድድር በኋላ ተፈትቶ የሚታደስ የሀብታም ሞተር ነው። ልጁ ያሰበው ከኮርቬት መኪና የሚታወቀውን የጄኔራል ሞተርስን ባለ 6.2 ሊትር ነው። 430 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ይበቃል፣ ዓመታትም ይቆያል። ለእርሱ ብቻ የሻንሲውን ያህል ጻፈ። ከዚያ ፍሬን፣ ጎማ፣ የነዳጅ ከረጢት (ከላስቲክ የተሠራ፣ በብረት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ዕድሜ ያለው)፣ ተጎታች ጋሪ፣ ጋሪውን የሚጎትት መኪና፣ የሜዳ መግቢያ በቀን ጥቂት መቶ ዶላር። ድምሩ 31 ሺህ ሲደርስ እርሳሱን አስቀመጠ። 14 ሺህ አለው። የተራው መኪና ኢንሹራንስ ደግሞ ሜዳ ላይ የደረሰ ጉዳት አይሸፍንም፤ መኪናው ቢጋጭ ገንዘቡ እዚያው ቀረ ማለት ነው።

ዝም አልን። አማቼ ከወጥ ቤት ሆኖ እንደሚሰማ አውቃለሁ።

"በርህ ላይ የቆመችው ጥቁር መኪናህ ስንት ታወጣለች?" አልኩት። ያች 156 የነዳባት መኪና። ቀና ብሎ አየኝ። 19 ሺህ፣ አለኝ። ሁለታችንም ምን እንደጠየቅኩት ገባን። እሷን ሸጦ አሮጌ ኮሮላ ቢገዛ፣ የሚበርርበት ነገር መንገድ ላይ አይኖረውም፤ ገንዘቡም ሊደርስ ይችላል። እንቅልፍ ሳይተኛ አደረ። ጠዋት "እሺ" አለኝ፤ ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር። አልገፋፋሁትም። በሃያ ሦስት ዓመት መኪና መሸጥ ጥርስ እንደማስነቀል ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ ያነሣችው እህቴ ናት። "ከተጋጨስ?" አለች። ለዚህ መልስ እንዲሰጣት ልጁን አስቀመጥኩት፤ መልሱን ማወቁን ራሴ ማየት ፈልጌ ነበር። ስለ ዴል ኧርንሃርት ነገራት። የናስካር ትልቁ ሹፌር ነበር፤ በየካቲት 18 ቀን 2001 ዴይቶና ላይ በመጨረሻው ዙር ግድግዳ መትቶ ሞተ። ግጭቱ ከውጭ ሲታይ ብዙም አያስፈራም ነበር። ሰውነቱ በቀበቶ ታስሮ ሲቆም ጭንቅላቱ ወደ ፊት ተወርውሮ የራስ ቅሉ ሥር ተሰበረ። ይህን የሚከላከል መሣሪያ በዚያን ጊዜ ነበረ፤ ሮበርት ሃባርድ የሚባሉ የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከአማቻቸው ከሹፌሩ ጂም ዳውኒንግ ጋር በ1980ዎቹ የሠሩት፣ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ከራስ ቁር ጋር የሚታሰር። ብዙ ሹፌር ግን አይመችም ብሎ ትቶት ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ናስካር ግዴታ አደረገው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት በዋናው ውድድር ላይ አንድም ሹፌር አልሞተም።

እህቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ "ያ ዕቃ ስንት ነው?" ብላ ጠየቀች። እኔ የሽምግልናው ዋና ነገር እዚያ ላይ ያለቀ መሰለኝ።

ውሉን ጻፍነው፤ አዎ፣ በወረቀት። የአንገት መከላከያውን እናቱ ትገዛለች፣ በእሷ ገንዘብ፤ ይህን ያለችው ራሷ ናት። ቀበቶው አዲስ ይሆናል፣ ያገለገለ ቀበቶ በነጻም ቢሰጥ አይወሰድም፤ ቀበቶ እንደ መድኃኒት የተጻፈበት ቀን አለው፣ እንደ ደረጃው ሁለት ወይም አምስት ዓመት። የራስ ቁሩ፣ እሳት የማይበላው ልብሱ፣ ወንበሩ ከሞተሩ በፊት ይገዛሉ። አማቼ አንድ አንቀጽ ጨመረ፤ በየወሩ 300 ዶላር ለቤቱ ይቀመጣል፣ መኪናው ቢዘገይም። ልጁ ፈረመ። እኔ ምስክር ሆንኩ። በመንገድ ላይ አንድ የፍጥነት ቅጣት ከመጣ ሻንሲው ይሸጣል የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በእሱ ላይ ትንሽ ተኮራርፈናል።

የመጨረሻው አንቀጽ ሁሉንም ያሳቀ ነው። የውድድር መኪናው አንድ ወንበር ብቻ ስላለው አስተማሪ አብሮ ሊቀመጥበት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ በተራ መኪና ሜዳ ላይ መማር አለበት። እንዲህ ዓይነቱን ትምህርት የሚያዘጋጁ ማኅበራት አሉ፤ አንዱ ከ1944 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክበብ ነው፣ ሌላው ደግሞ ናሳ ይባላል። እህቴ ናሳ ሲባል ልጇ ጨረቃ ሊሄድ ነው ብላ ነበር። የጠፈሩ አይደለም፣ በ1991 የተቋቋመ የባለመኪናዎች ማኅበር ነው።

እናም ልመለስ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ፣ አራታችንም ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተን ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ከሚባለው ሜዳ ሄድን። በ1957 የተከፈተ፣ በጫካና በኮረብታ መካከል የተጠማዘዘ 5 ኪሎ ሜትር ከሩብ መንገድ ነው። ቀኝ አለው፣ ግራ አለው፣ ዳገት አለው። የእኛ ልጅ ራስ ቁር አድርጎ፣ ጎኑ አስተማሪ አስቀምጦ፣ በአሮጌዋ ኮሮላ ወጣ። ሁሉም አለፈው። ፖርሽ አለፈው፣ ማዝዳ አለፈው፣ የአያቴ ዕድሜ የሆነ ሰውዬ በቀይ መኪና ሁለት ጊዜ አለፈው። እህቴ መጀመሪያ ዓይኗን ሸፍና ነበር። በሦስተኛው ዙር ግን እጇን አወረደች። "እንዴ፣ የኔ ልጅ መጨረሻ ነው እንዴ?" አለች፤ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ልጁ ሲወጣ ላብ አጥምቆት ነበር። አስተማሪው "ፍሬን ዘግይተህ ትይዛለህ፣ መሪውን አትመን" እንዳለው ነገረን። አባቱ መጀመሪያ ምንም አላለም። ወደ መኪናችን ስንመለስ ግን የኮሮላውን የፊት ጎማ በእጁ ነካ፣ ሸራው ሸቶታል፣ "ይሄ ሸራ እስከ ነገ አይደርስም፣ ዛሬ መቀየር አለበት" አለ። አማቼ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያውቅ እኔም አላውቅም ነበር፤ ድሬዳዋ ልጅ ሆኖ ታክሲ ይነዳ ነበር ለካ።

እንግዲህ እኔ ስመለስ ሻንሲው ተገዝቶ ጋራዥ ውስጥ በአራት እንጨት ላይ ቆሟል። ሞተር የለውም፤ ለክረምት ይደርሳል ይላል፣ እኔ ለፋሲካም ቢደርስ ይገርመኛል። ጥቁሯ መኪና ተሸጣለች። ቀሪው ሁሉ ገና ነው፣ የሚቀረው ገንዘብም ብዙ ነው፤ ልቤ ሙሉ በሙሉ አርፏል ብዬ አልዋሻችሁም።

ባለፈው እሑድ እህቴ ደወለች። ጤና፣ ቤተሰብ፣ የጤፍ ዋጋ ከተጠያየቅን በኋላ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ "ወንድምጋሼ፣ ትናንት አባትና ልጅ ሚዛን ላይ አውጥተውት ነበር። ግራው አሁንም 40 ኪሎ ይከብዳል አሉ። ወንበሩን ትንሽ ወደ ቀኝ ቢያደርጉት አይሻልም?" አለችኝ።